በሼህ ሁሴን ጅብሪል ስም የሚዞሩትን ግጥሞች ክፍል ውስጥ ላስተምር ወይስ ልተው?

የቧንቧ ውሃ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ይዣለሁ። ያጋጠመኝን ልንገራችሁና ምከሩኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ለተማሪዎቼ የሥነ ቃል ሥራ ሰጠሁ። ቤታችሁ ካሉ ትልልቅ ሰዎች አንድ ቃል ግጥም ሰምታችሁ፣ ጽፋችሁ ኑ አልኳቸው። የሠርግ ይሁን፣ የለቅሶ ይሁን፣ መንዙማ ይሁን፣ ምርጫው የእናንተ ነው አልኩ። ደስ የሚል ነገር መጣ። አንዱ ልጅ ከአምባሰል ከመጣች አክስቱ የወፍጮ ግጥም ይዞ መጣ። አንዷ የእናቷን እሹሩሩ ቆማ ስታዜመው ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የሚረብሹት ልጆች እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

ከአርባ ሦስቱ ተማሪዎች ስድስቱ ያመጡት የሼህ ሁሴን ጅብሪልን ነው። ይሄ አልገረመኝም። ወሎ ውስጥ እሳቸውን ሳይሰማ የሚያድግ ልጅ የለም። ወሎ ላልሆናችሁ በአጭሩ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የወረ ሂማኖ ሰው ናቸው። ስለ ነገሥታቱና ስለሚመጣው ዘመን በአማርኛ የተናገሩት ግጥም ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እኛ ጋ ደርሷል። በ1980ዎቹ ተሰብስቦ በመጽሐፍም ታትሟል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይጠቅሳቸዋል።

የገረመኝ ሌላ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ግጥም ይዘው መጡ። ስምንት ስንኝ ነው። ልጁ በእስክሪብቶ ገልብጦታል። ልጅቷ ከስልኳ ፕሪንት አስደርጋ፣ ላስቲክ ውስጥ ከታ ነው ያመጣችው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሰባቱ ስንኝ ፊደል በፊደል አንድ ነው። አምስተኛው ስንኝ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ትለያለች። የልጁ ወረቀት ላይ ደሙ የሚፈሰው የአንዱ ወገን ነው። የልጅቷ ላይ የሌላው ወገን። ወገኖቹን አልጠራም። ግጥሙንም እዚህ አልለጥፈውም፣ መለጠፍ ማዛመት ነው።

ሁለቱም ተነሡ። «ያንቺ የተሠራ ነው» አላት። «የኔ ከትክክለኛ ቻናል ነው» አለችው። አንዱ ከመሃል «ሼሁ ካሉ አይቀርም፣ ይሆናል» አለ። ሌላው ሳቀበት። የሳቀው ልጅ ክርስቲያን፣ የተሳቀበት ሙስሊም ስለሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ደወሉ ባይደርስልኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ማታ አንድ ወላጅ ደወሉ። በማግስቱ አለቃዬ ቢሯቸው ጠርተውኝ «ሃይማኖትና ፖለቲካ ክፍል ውስጥ አታስገቢ፣ ተረትና ምሳሌ አስተምሪ» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ፈርተው ነው። እኔም ፈርቻለሁ።

ግን መተው አቃተኝ። ለምን እንዳቃተኝ ልንገራችሁ።

የእናቴ እናት ሙስሊም ናት፣ አላህ ይዘንላት። የአባቴ ወገን ክርስቲያን ነው። እኔ ክርስትና ተነሥቼ ያደግኩት በሁለቱም ቤት ነው። የሼህ ሁሴንን ግጥም የሰማሁት ከአያቴ ነው። ቡና ሲፈላ አቦሉና ቶናው በሰፈር ወሬ ያልፋል። በረካው ሲቀዳ ነጠላዋን ትሰበስብና ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ቤት ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው ባይኖርም ዝቅ ታደርገዋለች። ያደገችው በምላስ በሚታሰርበት ዘመን ነው።

ስትጀምር «እንዲህ አሉ ይባላል» ትላለች። ሁልጊዜ። ስትጨርስ «አላህ ያውቃል» ትላለች። ይሄም ሁልጊዜ። በመካከል ያለውን ግጥም በከፊል ረስቼዋለሁ። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ግን አልረሳሁትም። «እማ፣ መቼ ነው የሚሆነው?» ስንላት ፍንጃሉን ደፍታ «እኔ ምን አውቄ» ትለናለች። «ታዲያ ምን እናድርግ?» ስንላት «ዱዓ ነዋ! ሌላ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች።

ልጆቹ ያመጡት ወረቀት ላይ «ይባላል» የለም። «አላህ ያውቃል» የለም። መጨረሻው ላይ ያለው «ለሁሉም ያዳርሱ» የሚል ነው።

ሌላም አለ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ልሂድ ልቅር እያለ ይጨነቅ ነበር። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ጭነው በኮምቦልቻ በኩል ወረዱ። አጎቴ አልሄደም። የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። ስልኩ ላይ በሼህ ሁሴን ስም የመጣ ግጥም አነበበልን። የጦሳን ተራራ አይወጡም የሚል ነበር። «ሼሁ ተናግረው የቀረ ነገር አለ?» አለን። ከተማው ተያዘ። ኅዳር ማለቂያ ላይ ስንመለስ ሱቁ ውስጥ የቀረው መደርደሪያው ብቻ ነበር። የሚያሳዝነኝ ምን መሰላችሁ? አጎቴ እስከ ዛሬ ግጥሙን አይጠራጠርም። «ፍቺው ያልገባኝ እኔ ነኝ» ይላል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የሼሁን ግጥም በስማቸው ከተለጠፈው በምን እንለየዋለን? ሁለተኛው፣ እነዚያን ሁለት ወረቀቶች ይዤ ክፍል ልግባ ወይስ አለቃዬ እንዳሉት ልተወው? ፋሲካ ሳይደርስ መወሰን አለብኝ።

ቦርከና ዳር

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይመታል።

ጥያቄሽ ልቤን ነካኝ። ከፋብሪካ ሥራ በፊት ቃሉ ወረዳ ውስጥ ደረሳ ነበርኩ፣ የሼህ ተማሪ ማለት ነው። አራት ዓመት ቀርቻለሁ፣ ተምሬአለሁ። ደረሳ ሆነሽ ሼሄ ፊት አንድ ነገር ከተናገርሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ከማን ሰማሽ?» ነው። ነገሩ ጥሩ ነው ወይ፣ ያምራል ወይ ብለው አይጀምሩም። ከማን ሰማሽ? እሱስ ከማን ሰማ? ሐዲስ የሚመረመረው እንዲህ ነው። ኢስናድ ይባላል። ሰንሰለቱ መካከል ላይ ከተበጠሰ፣ ወይ አንዱ ቀለበት ውሸታም ከሆነ፣ ቃሉ ምን ቢያምር አይያዝም። ለነቢዩ ቃል ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ለሼህ ሁሴን ግጥም እንዴት አይደረግም?

ስለዚህ ለልጆቹ ይህንኑ አስተምሪያቸው። ግጥሙን ከስልክ ያመጣ ልጅ ከማን እንደሰማ አያውቅም። ቻናል ሰው አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ፣ ነገሩን ቀላል እንዳታደርጊው። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው ከመጽሐፉ አጥንቶ «ከአያቴ ሰማሁ» ይል ጀመር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ትልቅ ሰው ያለው ሁሉ ከጥንት የመጣ አይምሰልሽ። ትልቅ ሰውም ያነባል። ትልቅ ሰውም ይሳሳታል።

አለቃሽ ሃይማኖትና ፖለቲካ አታስገቢ ያሉትን ተረድቻለሁ። ግን ልጄ፣ በወሎ ግጥም መቼ ከእነዚህ ተለይቶ ያውቃል? ቦሩ ሜዳ ከእናንተ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በ1870 ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው የሃይማኖት ነገር በመንግሥት ተወሰነ። የወሎ ባላባት ክርስትና ተነሣ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት። እምቢ ያለው ሕዝብ መከራ አየ። ያኔ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ተነሡ። ጦር መርተዋል፣ መንዙማም ደርሰዋል። በአማርኛ ነው የደረሱት፣ ፊደሉ የዐረብ ነው፣ ዐጀሚ የምንለው። ገበሬው ዐረብኛ ስለማይችል በሚሰማው ቋንቋ ነገሩት። መንዙማው ለአላህ ልመና ነው። ለተሰደደውም ሰው ማጽናኛ ነው። የዘመኑንም ግፍ ይከሳል። ሦስቱን ለይተሽ አውጪ ብትባይ ከየት ትጀምሪያለሽ?

በ1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ክስ ሰልመዋል የሚል ነበር። በወሩ ሰገሌ ላይ የወሎ ሰው አለቀ፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ታዲያ የወሎ አልቃሽ ያንን ስታለቅስ ሃይማኖትና ፖለቲካ አልነካም ትበል?

እኔ አስተምሪ እላለሁ። ግን አያትሽ እንዳደረገችው አስተምሪ። «ይባላል» ብለሽ ጀምሪ፣ «አላህ ያውቃል» ብለሽ ጨርሺ። እንደሷ ያለ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃት።

ከገራዶ

ትንቢት የሚባል ነገር የለም። ሰዎች ከነገሩ በኋላ እየገጠሙ «ቀድሞ ተነግሮ ነበር» ይላሉ። ልጆቹ ሒሳብና ሳይንስ ያጥኑ። አጎትሽን የጎዳው ይሄው ነው።

ዘጉባኤ ቃና

እህቴ፣ እኔ ከአባታችን ሐሳብ በአክብሮት እለያለሁ።

ደሴ ነኝ። ዲያቆን ነኝ። አሁን መንግሥት ቤት ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ። ከሐይቅ ማዶ፣ ኮቾሮ እየለመንኩ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ግጥም ከሃይማኖት ይለይ የምል ሰው አይደለሁም። ቅኔ የሚዘረፈው በቅዳሴና በማኅሌት ላይ ነው። ሰሙ የጻድቁ ታሪክ ይሆናል፣ ወርቁ የዛሬ ባለሥልጣን። የሰማ ይሰማል። መሪጌታው ጉባኤ ቃናን በሁለት ቤት፣ መወድስን በስምንት ቤት ሲያወርድ ጉልበተኛው ሰው እዚያው ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንት ተግሣጽ እንዲህ አልፏል።

ልዩነቱን ግን እዩት። ቅኔ የሚዘርፈው ሰው ራሱ ቆሞ ነው። መልኩ ይታያል። ስሙ ይታወቃል። ካጠፋ መምህሩ እዚያው ያቀናዋል። እኔ አንድ ጊዜ በዓል ላይ ቅኔ ተሰጥቶኝ ሙያው ተበላሽቶብኝ ነበር። የኔታ በሕዝብ ፊት «መልስ!» አሉኝ፣ አቅናው ማለታቸው ነው። ላቤ እስከ ወገቤ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ሳልመዝን አፌን አልከፍትም። ቅኔም አይደገምም። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የኔ ነው ብሎ የሚያወርድ ሰው ሌባ ነው።

ስልክ ላይ ያለው ግጥም ባለቤት የለውም። የሚቆም ሰው የለም። «መልስ!» የሚለው የለም። እና ይህን ነገር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፊት ማቅረብ ያስፈራኛል። አንቺ በቅን ልብ ታስረጃለሽ። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ግማሹን ይቀዳል። ማታ «የደሴ መምህርት ስለ እገሌ ወገን ደም ተናገረች» ተብሎ ይወጣል። በዚህ ጊዜ እንጀራሽ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ከተማችን አንድ ጊዜ ነድዳለች፣ ቁስሉ አልጠገገም። የሸዋ በር ሙስሊምና የመድኃኔ ዓለም ሰፈር ክርስቲያን አብረው ተሰደዋል፣ አብረው ተመልሰዋል። ይሄን ነገር ለሳቅና ለጠብ አሳልፈሽ አትስጪው።

ምክሬ ይሄ ነው። ልጆቹን ለየብቻ ጠርተሽ አነጋግሪ። ክፍል ውስጥ ሌላ ግጥም አስተምሪ። ስንፍና አይምሰልሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል ስለምሳሳልሽ ነው።

የቧንቧ ውሃ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለዘጉባኤ ቃና፦ የቀረጻውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርኩ።

ለከገራዶ፦ ስለ አጎቴ ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ግን እኔ የማስተምረው ግጥም ነው። ሰው ትንቢት ነው ብሎ ያምናል ወይስ አያምንም የሚለው የየቤቱ ነገር ነው። ግጥሙ ግን አለ። ሰው ለብዙ ዘመን በቃሉ ይዞታል። የማያምንበትም ሰው በቃሉ ይዞታል። ሒሳብ የሚያጠናው ልጅም ማታ ስልኩ ላይ ይደርሰዋል። ስንኝ መቁጠር ካላስተማርኩት ማን ያስተምረዋል?

ስንኝ ስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማታ ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ቁጭ አልኩ። ግጥሙ የወል ቤት ነው። አንዱ ስንኝ ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለት ስድስት ስድስት የድምፅ ቁራጭ፣ ይሆናል። በጣቴ ቆጠርኩት። ሰባቱ ስንኝ ልክ ይመታል። አምስተኛው ብቻ ይሰበራል። የልጁ ወረቀት ላይ ቃሉ ያለበት ግማሽ ሰባት ቀለም ይሆናል። የልጅቷ ላይ ስምንት። ሁለቱም አይመታም! እኔ ከሁለቱ አንዱ እውነት ይሆናል ብዬ ነበር። ለካ በሁለቱም ላይ ባዕድ ቃል ገብቷል። እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ቀለም ያላት አጭር ቃል ነበረች። ምን እንደነበረች ግን አላውቅም።

ሸዋ በር ልጅ

ቲቸር፣ እኔ አውቃለሁ።

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ስሜን አልናገርም። ቴሌግራም ላይ ቻናል ነበረኝ። ዘግቼዋለሁ። ያንን ግጥም ከለጠፉት አንዱ እኔ ነኝ። ስምንት ስንኝ፣ አምስተኛው ላይ ደም የሚለው። ሌላ ሊሆን አይችልም።

መጀመሪያ የደረሰኝ ላይ ቃሉ «የሰው» ነበር። የሰው ደም። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ቁጥሩ እንደሚሰበር አላወቅኩም። ያኔ የአጎቴ ልጅ ከሞተ ገና ሁለት ወሩ ነበር። የገዳዮቹን ወገን ስም አስገባሁበት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ልክ ነገሩን የምሞላው መሰለኝ። ከዚያ በሳምንቱ ሌላ ቻናል ላይ የኔን ወገን ስም አስገብተውበት አየሁት። ስንኙ ያው ነው። በጣም ተናደድኩ። «የሼሁን ግጥም አበላሹት» ብዬ ኮሜንት ጻፍኩ። ያን ሰዓት እንኳ እኔ ያደረግኩት ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ማታ ተኝቼ ነው።

ለምን በሳቸው ስም ብትሉኝ፣ ግጥም እሞክራለሁ። በራሴ ስም ስለጥፈው ዞር ብሎ የሚያየው ሰው የለም። «ሼህ ሁሴን ጅብሪል እንዲህ ብለዋል» ካልኩ ግን በአንድ ሌሊት ሁሉም ጋ ይደርሳል። እናቴም መልሳ ለኔ ላከችልኝ። የራሴን ሥራ እናቴ «ይኸው አንብብ፣ ተጠንቀቅ» ብላ ላከችልኝ።

ቲቸር፣ ከፈለጉ ክፍል ውስጥ ይንገሯቸው። ስም ባይኖረውም ይንገሯቸው። የቀየረው ልጅ ከሸዋ በር ነው፣ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ሼሁን አያውቃቸውም በሏቸው።

ቦርከና ዳር

ልጄ ሸዋ በር፣ አላህ ዓፊያውን ይስጥህ። የሞተውንም ወንድምህን ይማረው። የተናገርከው ከባድ ነው። ተውበት ማለት ይሄ ነው፣ ያጠፉትን በአፍ ተናግሮ መመለስ። በሌላው ቻናል ያለው ወጣትም የሞተበት ሰው ይኖር ይሆናል። ሰው ነውና።

ለመምህርቷ አንድ ነገር፦ «የሰው» የሚለውም ቢሆን ከሼሁ አፍ ወጣ ማለት አይደለም። ይህ ልጅ እሱንም ከስልክ ነው ያገኘው። ሰንሰለቱ እዚያው ላይ ተበጥሷል።

ዘጉባኤ ቃና

ወንድሜ ሸዋ በር፣ በሕዝብ ፊት «መልስ!» የሚለው የለም ብዬ ነበር። አንተ ራስህን መለስከው። ስለ መጀመሪያው ምክሬ አሁን ያን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። እህቴ፣ ከገባሽም ስልካቸውን ሰብስበሽ ግቢ።

የቧንቧ ውሃ መምህርት

የገባሁት ትናንት ነው። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አለቃዬን አስፈቀድኩ። ወረቀቶቹን አሳየኋቸው፣ ቀለሙን አብረን ቆጠርን። ዝም ብለው ቆዩና «እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ» አሉ። ተቀመጡም። ስልኮቹን በካርቶን ሰብስቤ ጠረጴዛዬ ላይ አደረግኳቸው።

በግጥሙ አልጀመርኩም። በውጫሌ ጀመርኩ። ውጫሌ ከሐይቅ አልፎ በወልድያ መንገድ ነው፣ ሁሉም በመኪና አልፈውበታል። በ1881 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። አንድ ግሥ ነው። «ይቻላቸዋል» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። የዚያ ልዩነት መጨረሻው በ1888 ዐድዋ እንደሆነ ታሪክ ተምረውታል፣ ግን ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ጋር አያይዘውት አያውቁም። አንዱ «ቲቸር፣ ለአንድ ቃል?» አለኝ። «ለአንድ ቃል» አልኩት።

ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች አወጣሁ። የወገኖቹን ስም በጥቁር እስክሪብቶ አጥፍቼዋለሁ። ባዶ ቦታ ብቻ ነው ያለው። «እዚህ ስንት ቀለም ይገባል?» አልኳቸው። ሁሉም በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ያ የተጣላው ልጅና ልጅቷ አንድ ላይ ነው የቆጠሩት። «ሁለት!» አሉ። ያኔ የሸዋ በሩን ልጅ ነገር ነገርኳቸው፣ ልክ እሱ እንዳለው፣ ሳልጨምር። ማንም አልሳቀም። ልጅቷ አጎንብሳ ላስቲኩን ስታጣጥፍ አየኋት። ወረቀቱን አልወሰደችም።

ያ «ሼሁ ካሉ ይሆናል» ያለው ልጅ እጁን አወጣ። «ታዲያ የትኛውን እንመን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የቦርከና አባታችንን ጥያቄ ሰጠሁት። ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን? የቤት ሥራው እሱ ሆነ።

ዛሬ ጠዋት አንዷ ልጅ ቅጂ ይዛ መጣች። አያቷን ስልኳ ላይ ቀድታ ነው። ሴትየዋ ወረ ኢሉ ተወልደው እዚህ ዳውዶ ነው የሚኖሩት። ጀበናው ሲንጣጣ ይሰማል። ልጅቷ የሼህ ሁሴንን ንገሪኝ ትላቸዋለች። ያንን ስምንት ስንኝ አያውቁትም። ሌላ ጀመሩ፣ ድምፃቸው እንደ አያቴ ዝቅ ብሎ። አራት ስንኝ አሉ። ከዚያ ቆሙ። ልጅቷ «ቀጥዪ እንጂ!» ትላቸዋለች። «አልቀጥልም» አሉ። «ከዚህ በኋላ ያለውን ሰው ሲለው ሰምቻለሁ። ከእናቴ ግን አልሰማሁትም።»

ቅጂውን እዚህ አላወጣውም፣ አላስፈቀድኳቸውም።

አባ ቦርከና፣ ቅዳሜ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ ያንን ቃሉ ወረዳ ውስጥ የተማሩትን መንዙማ ከማን እንደሰሙት ጭምር እየነገሩኝ ልጻፍ። ደብተርና መቅረጫ ይዣለሁ። ስልክዎን እዚህ እንዳይጽፉ፣ የልጅ ልጅዎ በውስጥ መስመር ይላክልኝ። ቡናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።